ማንም ያላረዳት በግ

እፎይ!

ህሊና፣ የልጄ ልጅ፣ ብዕሯን ይዛ ፊቴ ተቀመጠችና "እማማ፣ በምን እንጀምር?" ስትለኝ "በእፎይ ጀምሪ" አልኋት። "በእፎይማ አይጀመርም" አለች። የኔ ይጀመራል። ዕድሜ ልኬን ሰው ሽቅብ ሳስወጣ ኖሬ፣ አሁን ጎንደር ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ዳገቱን በሚወጣው ሰው መሳቅ ብቻ ሆኗል ሥራዬ። ጉልበቴ አርፏል፤ በቅሎዎቹ አርፈዋል፤ ሽሮዬን ችለው የኖሩት ፈረንጆችም አርፈዋል።

ሥራሽ ምን ነበር የሚለኝ ብዙ ነው። እንግዳ መጥቶ የሰሜንን ተራራ በእግሬ ልሂድ ሲል፣ ጉዞውን የማሰናዳው እኔ ነበርሁ። የት ይደር፣ ምን ይብላ፣ ጓዙን የትኛዋ በቅሎ ትሸከምለት፣ ውሃ ከየት ይቀዳ፣ ማን ከማን ጋራ ይሂድ። ወረቀቱን ሌላ ሰው ይጽፋል፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ደሞዜን የፈረምሁት በአውራ ጣቴ ነው፤ ደሞዙም ከአውራ ጣቴ ብዙ አይበልጥም ነበር። ስለሱ ይኼው ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ላወራችሁ የምሻው ግን አንዲት በግ፣ እንደ ወንድማማች የሚተያዩ ሁለት ሰዎችን አጣልታ፣ አንዲት እንግዳ ልትገድልብን የደረሰችበትን ጊዜ ነው። በጊቱ ጥፋት አልነበረባትም። እሷማ ጓሳዋን ነበር የምትግጠው።

የጀመርሁት ኮሶዬ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚያልፈው ማኪና ሁሉ እዚያ ቆሞ ይበላል። ባሌ ሞቶብኝ፣ ልጅ ታቅፌ፣ በሰው ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርሁ። ብርዱ ድስት ሥር እንድትገቢ ያደርግሻል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ በቅሎዎቻቸውን ደጅ አቁመው ገቡና ሽሮ አዘዙ። ከበሉ በኋላ ወደ ጓዳ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "እኔ ጥርስ የለኝም፤ ይኼ ሽሮ ደግሞ ጥርስ አይፈልግም። ማን ነው የሠራው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አልሁ፣ እጄን እየጠረግሁ ወጥቼ።

"ተራራ ትወጫለሽ?"

"ምነው፣ ዝንጀሮ ነኝ እንዴ?"

"ዝንጀሮ ከወጣ አንቺ ምን ያቅትሻል!" አሉኝ። ሳቅሁ። የሳቀ ሰው እሺ ማለቱ ነው ብለው በማግስቱ መጡብኝ።

እኒህ ሰው አያ እድሪስ ናቸው። የጎንደር የአዲስ ዓለም ሰው። አባታቸው በቅሎ ጭነው ጨው የሚነግዱ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ማኪና መጥቶ ንግዱን ሲወስደው ልጅየው በቅሎዎቹን ይዘው ከጨው ወደ ፈረንጅ ዞሩ። "ጨው ይሻል ነበር" ይላሉ። "ጨው በየመንገዱ ፎቶ ላንሳ ብሎ አያስቆምም።"

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ያውም አስተምርሻለሁ ሳይሉ። ዝቅ ያለች በርጩማ አለቻቸው። እንግዳ ጎንደር ሲደርስ ቤታቸው ሻይ ይጠሩትና እዚያች በርጩማ ላይ ያስቀምጡታል። ስለ አገሩ ይጠይቁታል፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቁታል። ዓይናቸው ግን የሚጠብቀው ሲነሳ ነው። አንዱ ብድግ ይላል። አንዱ ጉልበቱን ተመርኩዞ ያቃስታል። አንዱ ጓደኛውን ጎትተኝ ይላል። አያ እድሪስ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ "ይኼ ሳንቃበር ድረስ ነው፤ ከዚያ ዝንጀሮ አሳይተን እንመልሰዋለን" ይላሉ። ወይም "ይቺን ራስ ዳሸን ብትወስጃት አልፋ ላስታ ትገባለች።" እንግዳው አስተናጋጅ መስለውት ያመሰግናል። ጉዞው ግን እዚያች በርጩማ ላይ አልቋል።

ደግሞ ጠዋት ሳይጭኑ በፊት ድብዳቡን፣ ያንን ከጭነቱ ሥር በበቅሎዋ ጀርባ ላይ የሚውለውን ወፍራም ጨርቅ፣ በጉንጫቸው ይዳስሱታል። የበቅሎ ነጂ እጅ ቆዳው ደድሮ እሾህ አያውቅም፤ ጉንጭ ግን አይዋሽም። ድብዳብ ውስጥ የቀረች እሾህ ጀርባ ታቆስላለች፤ ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ ገደል ላይ ትፈራገጣለች።

"አያ እድሪስ" አልኋቸው አንድ ቀን፣ "ሚስትዎን እንኳ እንዲህ ሲዳስሱ አላየሁም።"

"ሚስቴ ጭነት አትሸከምማ።"

"ኧረ! አንቱን ተሸክማ አይደለም እንዴ የኖረችው!"

ሰውየው የሌለ ጥርሳቸውን አሳይተው እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

የማብሰሉን ነገር ራሴ ነኝ የተማርሁት፤ አስተማሪዬም ውሃው ነው። ተራራ ላይ ውሃ ቶሎ ይንተከተካል፣ አይሞቅም ግን፤ እንደ አንዳንድ ባል። ክክ ጥደሽ ብትጠብቂ አንቺ ትበስያለሽ እንጂ ክኩ አይበስልም። መጀመሪያ የሄድሁ ጊዜ ለእንግዳ ጥሬ ክክ አቅርቤ፣ እንግዳው በጨዋነት ሲቆረጥም አመሸ። ከዚያ ወዲያ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ ድርቆሽ፣ በሶ። የተፈጨ ነገር ከተራራ ጋር አይጣላም።

ሥጋስ? ሥጋ የለም። ይኼ የአያ እድሪስ ሕግ ነበር። ከደባርቅ ወጥተን ደባርቅ እስክንመለስ ቢላ ደም አይነካም። ለእንግዳም፣ ለአስጎብኚም፣ ለበቅሎ ነጂም። እንግዳው ካማረው እንቁላል ይቀቀልለታል። ምነው ስላቸው "ተራራው ጾመኛ ነው" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ "ጥርስ ስለሌላቸው ነው፤ ሌላው ሲበላ እንዳይቀኑ" እያልሁ አወራ ነበር። ሰምተዋል። ዝም ነው ያሉኝ።

በቅሎ የሚነዱልን ሁለት ናቸው። ሰይድ የአያ እድሪስ ልጅ ነው። ሞላ ደግሞ የደባርቅ ዙሪያ ገበሬ። ዳማ የምትባል በቅሎ በጋራ ገዝተዋል፤ ግማሿ የሰይድ፣ ግማሿ የሞላ። የትኛው ግማሽ የማን ነው ብላቸው ሁለቱም "የሚራገጠው የሱ ነው" ይላሉ። ማታ በቅሎዎቹን ሲያሳድሩ ሰይድ ችካል ይተክላል፣ ሞላ ገመድ ያስራል። አንዱ የሌላውን ሥራ ነክቶ አያውቅም። ሞላ በሚካኤል ዕለት አይጭንም፤ ሰይድ ጁምአ ዕለት ሶላቱን ሳይሰግድ አይነሳም፤ ደባርቅ ገበያ ሲውል ደግሞ በቅሎ ሁሉ እህል ይዞ ይወርዳል። የኔ የጉዞ ማሰናዳት ብልሃት በሚካኤል፣ በጁምአና በገበያ መሀል ለፈረንጅ ቀዳዳ መፈለግ ነበር።

እንግዲህ ማርያ መጣች።

የኔ እኩያ ናት፤ ፀጉሯ ነጭ፣ እግሯ የፍየል። አገሯ ሙቀትና ዝናብ የማይለየው፣ ጫካና እሳት የሚተፋ ተራራ ያለበት ነው። ሥራዋም የኔው ሥራ ሆኖ ተገኘ፤ እዚያ ለእንግዳ የእግር ጉዞ ታሰናዳለች። አያ እድሪስ ንዳድ ይዟቸው ተኝተው ነበር። እንደተኙ ግን በርጩማዋን አስመጡና አስቀመጧት። ማርያ እጇን ሳትተክል እንደ ልጃገረድ ብድግ አለች። አያ እድሪስ "የፈለገችበት ትሂድ" አሉ። እንግዳ የሚልክልን የጉዞ ቢሮ አለቃ ደግሞ ቀኗ አጭር ስለሆነ ደባርቅ አድሮ ብርዱን መልመድ የሚባለውን ዘለለው። ሁላችንም ጉልበቷን አይተን እሺ አልን። በርጩማ ጉልበት ይለካል እንጂ ሳንባ አይለካም። ይኼን ያወቅነው በኋላ ነው።

መንገድ ላይ አስጎብኚያችን ጌትነት እያስተረጎመልን ስንጫወት ሄድን። ጌትነት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሸጋ ልጅ ነው፤ ትንሽ ከተሜ።

"እኛ አገር" አለች ማርያ፣ "ጫካው ሰማይ አያሳይም። ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርም፤ ስለዚህ ጉዞ ሲታሰብ መጀመሪያ ዝናቡን ነው የምንጠይቀው። ተራራው ጭሱ ሲበዛ ደግሞ አንወጣም።"

"የኛ አገር ተራራ ሲያጨስ" አልኋት "ሰው ቤት ወጥ ተጥዷል ማለት ነው። ያን ጊዜ እንፈጥናለን።"

"ይኼም ተራራ እኮ በጥንት ዘመን እሳት የሚተፋ ነበር" አለ ጌትነት።

"አሁንስ እሳቱ የት ገባ?" አለች ማርያ።

"ሰዎቹ ውስጥ" አልሁ። ለቀልድ ነበር።

ግጭ ከሚባለው ማደሪያችን ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ እንደ ዘበኛ ቆሟል፣ ጓሳው ወርቅ መስሏል። ማርያ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ጌትነትን በጆሮው አንድ ነገር አለችው። ጌትነት ወደ እረኞቹ ሄዶ በግ ጎትቶ መጣ። ያውም ሴት በግ፣ የምትወልድ! ከተሜ አልኋችሁ። ማርያ ገመዱን ይዛ ፊታችን ቆመችና "ለሁላችሁም ነው፤ አመሰግናለሁ" አለች።

እኔ ሽንኩርት እየከተፍሁ ነበር፤ ቢላዬ ቆመ። የአያ እድሪስን ሕግ ላንሳ ብል እንግዳዋን ማሳፈር ሆነብኝ። ሰይድና ሞላም ተያዩ። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፣ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። በጊቱ አንድ፣ አንገቷም አንድ። አንዱ ካረደ ሌላው ሽሮ ሊበላ ነው።

"ሰይድ፣ አንተ እረድ" አለ ሞላ።

"ኧረ ምን በወጣኝ! አንተ እረድ። እኔ የእታለም አንጓችን ሽሮ እበላለሁ።"

"ሽሮውን የምበላውስ እኔ ነኝ። አባትህን ታመው ትተህ የመጣህ፣ ሥጋ ያስፈልግሃል።"

"አንተስ? ሚስትህ አራስ ቤት ናት፤ እዚያ ሆነህ ስንት ሥጋ የምትበላበት ጊዜ ነበር። በሞቴ እረድ!"

"እኔ ልሙት፣ አልነካትም!"

"አፈር ስሆን!"

እኔ ሳቄ መጣ። እንዴት ያሉ ሸጋ ሰዎች ናቸው እያልሁ ለማርያ እጄን እያወዛወዝሁ አሳያታለሁ፤ እሷም ታጨበጭባለች። ግን መግደርደር ዳገት ላይ እንደተለቀቀ ድንጋይ ነው፤ የት እንደሚቆም አታውቂም። ሞላ ተነሳ።

"ሚካኤልን! አንተ ካላረድህ እኔ ከዚች በግ አፌን አላደርስም!"

"ወላሂ! እኔም!" አለ ሰይድ።

ሁለቱም በመሐላ ታሰሩ። ጌትነት ቀስ ብሎ "ታዲያ አሁን ማን ነው የሚበላት?" አለ።

"ማንም" አልሁ። "ማንም አይበላት። አንተም አርፈህ ተቀመጥ።"

እዚህ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት! ሞላ "ብትወደኝ ስጦታዬን አትመልስም ነበር፤ ንቀኸኝ ነው" አለ። ሰይድ "አንተ ነህ በታቦት ምለህ ያሰርኸኝ" አለ። ከዚያ ወዲያ የጥንቱን ሁሉ አነሱት፤ ጠፍቶ የቀረ መጫኛ ሳይቀር ተነሳ። መጨረሻ ላይ ሞላ "ዳማን እንካፈላለን!" አለ።

"እንካፈል!"

"ከዛሬ ወዲያ ካንተ ጋር ቃል ብነጋገር ሰው አይደለሁም!"

"እኔም አይደለሁም!"

"እናንተ ሰዎች" አልሁ "ያበዳችሁት የሚካፈለውን ትታችሁ የማይካፈለውን ለመካፈል ነው? በግ ነው የሚካፈል፤ በቅሎ እንዴት ተደርጋ ትካፈላለች?" የሰማኝ የለም። አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ሄዶ ተቀመጠ።

ማርያ "አልወደዱትም?" ብላ አስጠየቀችኝ።

"ወደዱት። ችግሩ እጅግ ስለወደዱት ነው" አልኋት። ጌትነት እንዴት አድርጎ እንዳስተረጎመው አላውቅም። እሷም ራት አልበላችም፤ ራሴን አመመኝ ብላ የዝንጅብል ሻይ ተጎንጭታ ተኛች። ስላዘነች መሰለኝ።

ሲነጋ ሻይ ይዤላት ብሄድ ፊቷ አብጧል። ያስመልሳታል። ቁሚ ብላት እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደች፤ ያቺ ከበርጩማ እንደ ልጃገረድ የምትነሳ ሴትዮ! ጌትነት አየት አደረጋትና ቀለሙ ጠፋ። "የከፍታው ሕመም ነው። አሁኑኑ መውረድ አለባት። ከቆየን ትሞትብናለች" አለ። ስልኩን ሰማይ ላይ አንጠልጥሎ ዞረ፤ ኔትወርክ የለም። ማኪና ያለው ከታች፣ ሳንቃበር ነው። መሀል ላይ የጅንባር ወንዝ ገደል አለ።

"በዳማ ትውረድ!" አልሁና ወደ በቅሎዎቹ ሮጥሁ።

ችካሉ በሥርዓት ተተክሏል። ገመድ የለበትም፤ በቅሎም የለም።

ሰይድ አኩርፎም ቢሆን ችካሉን ተክሎ ሄዷል። ሞላ ደግሞ "ተከልሁ፣ እሰር" እስኪለው ጠብቋል። ሰይድ አላለውም። ሞላም አላሰረም። አንዲት ቃል ነበረች የጎደለችው። ሁለቱም መጥተው ባዶውን ችካል እያዩ ቆሙ፤ አፈሩ። ግን አልተነጋገሩም።

ጌትነት ማኪና ሊያስነሳ ቀድሞን እየሮጠ ወረደ። እኛ የማብሰያዬን ድንኳን ምሰሶዎች ነቅለን፣ ጋቢ አጥፈን፣ ቃሬዛ ሠራን። ማርያን አስተኛንና በሌላ ጋቢ ሸፈንናት። ሞላ ከፊት፣ ሰይድ ከኋላ ሆነው ተሸከሙ። እኔ የበጊቱን ገመድ ይዤ ከጎን ከጎን። ለማን ትቻት ልሂድ?

ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ያወራል። ኋለኛው እግሩ የሚያርፍበትን አያይም፤ ፊተኛው ነው ዓይኑ። ሞላ ግን ዝም አለ፤ ዝም ብሎ ዝም ብሎ አንድ ድንጋይ ጋ ሲደርስ "እታለም፣ ድንጋይ አለ በይው" አለኝ።

"ሰይድ፣ ድንጋይ አለ ተብለሃል።"

"እሺ በይው።"

"ሞላ፣ እሺ ብሏል።"

"ወደ ግራ ይበል በይው።"

"ወደ ግራ በል ተባልህ።"

"የማን ግራ ብለሽ ጠይቂው።"

እንዲህ እያልን ወረድን። ጌትነት ለፈረንጅ ያስተረጉማል፤ እኔ ከአማርኛ ወደ አማርኛ! ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ግን ማርያ ጋቢው ውስጥ ታቃስታለች። ስታቃስት እፈራለሁ፤ ዝም ስትል ደግሞ የባሰ እፈራለሁ። ባጠገቧ እየሄድሁ "አይዞን፣ አይዞን" እላታለሁ፤ ስንወጣ ያስተማርኋት ቃል ነበረች።

ጅንባር ስንደርስ ጉሙ ወረደ። መንገዱ ከገደሉ አፋፍ ይዞ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ጤዛው ድንጋዩን ሳሙና አድርጎታል። ወንዙን ስንሻገር በጊቱ ውሃ አልነካም ብላ አራት እግሯን ተከለች። ብጎትት፣ ብለምን፣ ብሰድብ፣ ወይ ፍንክች! እነሱ ግን ተሻግረው አለፉኝና ጉሙ ውስጥ ጥላቸው ብቻ ቀረ። አስተርጓሚ የላቸውም።

አየሁት። ሞላ የረገጠው ድንጋይ ተነቅሎ ሄደ። አንድ እግሩ ወደ ገደሉ ተንጠለጠለ፤ ቃሬዛው ወደ እሱ ዘመመ። ሰይድ ከኋላ ምንም አያይም፤ እንደውም ሊራመድ እግሩን አነሳ። አንድ እርምጃ ቢጨምር ሦስቱም ገደል ናቸው። ጮህሁ፤ ውሃው ድምፄን በላው። ሞላ አፉን ከፈተ። ዘጋው። እኔ ገመዱን ለቅቄ ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጫንሁ።

"ሰይዴ!" አለ ሞላ። ገደሉ ሁሉ አስተጋባ። "ሰይዴ ቁም! ወደ ኋላ! ወደ ኋላ ሽሽ!"

"ይዤሃለሁ! ሞልዬ፣ ይዤሃለሁ! ቃሬዛውን እንዳትለቅ፣ ተቀመጥ! ቀስ ብለህ ተቀመጥ!"

ሰይድ ወደ ኋላ ተንበረከከ፤ ሞላም ቃሬዛውን እንደ ገመድ ይዞ እግሩን ሰበሰበ። ቃሬዛው ማርያን እንደያዘ መሬት ነካ። ሁለቱ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጠው ተያዩ። ያን ጊዜ ከጋቢው ውስጥ የማርያ ራስ ወጣ። ሁለቱን አየቻቸውና ያወቀቻትን አንዲት ቃል "አይዞን" አለቻቸው።

ሞላ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰይድ እያለቀሰ ይስቃል። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ ብቻ ዞር ብል በጊቱ ውሃውን ብቻዋን ተሻግራ አጠገቤ ቆማለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አፋቸው አልተዘጋም። "ድንጋይ!" "አየሁ!" "ዝቅ!" "እሺ ወንድሜ!" እኔን የሚያስታውስ ጠፋ። ሳንቃበር ስንደርስ ጌትነት ማኪናውን አስነስቶ ቆሟል፤ በቅሎዎቹም ከሱ ጎን ይግጣሉ። ያቺ ዳማ ቀና ብላ አየችንና የት ቆያችሁ እንደማለት ሆና ወደ ሣሯ ተመለሰች።

ማርያ ቁልቁል በወረደች ቁጥር እየተመለሰች መጣች። ደባርቅ ላይ ዓይኗን ገለጠች። ኮሶዬ ላይ ውሃ ጠየቀች። ጎንደር፣ ሐኪም ካያት በኋላ፣ ራበኝ አለች። ያን ጊዜ ነው እኔ የተቀመጥሁት።

ግን ዋልያ አላየች፣ ራስ ዳሸንን አላየች። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ መጥታ ያየችው የሞላን ጀርባ ነው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የከሸፈ ጉዞ የለም። ልንሰናበታት ስንሄድ ይኼን አልኋት። ሳቀችብኝ። በጌትነት አፍ እንዲህ አለችኝ፦ "እኛ አገር የሚፈነዳው ተራራው ነው፤ እናንተ አገር በቅሎ ነጂው። ሲበርዱ ግን የናንተዎቹ ይፈጥናሉ።" የሥራ ባልደረባዬ ናት አላልኋችሁም?

በጊቱን ይዘን አያ እድሪስ ዘንድ ሄድን። ንዳዱ ለቋቸው ትራስ ተደግፈዋል። ሰይድና ሞላ እንደ ተማሪ አጎንብሰው ቆሙ፤ እኔ ሁሉንም ተረክሁ። ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

"በጊቱስ የት ናት?"

"ደጅ ታስራለች" አልሁ።

"ማን አሰራት?"

"ችካሉን እኔ ተከልሁ" አለ ሰይድ።

"ገመዱን እኔ አሰርሁ" አለ ሞላ።

"እንግዲያው ታርቃችኋል። ምን አስታራቂ ትፈልጋላችሁ? ተቀመጡ" አሉ።

"አያ፣ የሥጋውን ነገር ምነው ምክንያቱን ሳይነግሩን?" አልኋቸው።

"የአባቴ ነው" አሉ። "ሲራራ ግማሹ እስላም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው። ሥጋ ከቀረ ሰው አይቀርም ይል ነበር። ለከብት ማረጃ ሁለት ቢላ የሚሆን ቦታ ከተማ ውስጥ ሞልቷል፤ ገደል ላይ ግን አንድ ማዕድ ነው ያለው። አንቺማ ጥርስ ስለሌለው ነው እያልሽ ስታወሪ ሰማሁ። እሱም ምክንያት ይሆናል ብዬ ተውሁሽ።"

ሞላ ስለ መሐላው ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ስግደት ተሰጠው፤ ሰይድም ለመሐላው ጾመ። በጊቱ ግን በመሐላ የታሰረች ስለሆነች ቢላ የሚያነሳባት ጠፋ። እንደ ዳማ የጋራ አደረጓትና ሞላ ግቢ ገባች። ወለደች። ልጆቿም ወለዱ። ጌትነት ሴት በግ በመግዛቱ እስከዛሬ ይኩራራል።

አያ እድሪስ ሲያልፉ በርጩማዋ ለኔ ቀረች። ሕጋቸውንም አልነካሁም። አንድ ነገር ግን ጨመርሁበት። እንግዳውን ከበርጩማ አስነስቼ በቤቴ በኩል ያለውን ዳገት አብሬው እወጣለሁ፤ ስንወጣም ስለ እናቱ እጠይቀዋለሁ። እያወራ ከወጣ ሸጋ። ወሬው መሀል ላይ ከተቆረጠ ደባርቅ ላይ ያድራል፤ የቢሮው አለቃ ቢለምን፣ እንግዳው ቢቆጣ፣ ያድራል። ከዚያ ወዲያ በቃሬዛ ያወረድሁት ሰው የለም። ምስጋና ይግባው።

አሁን ጉልበቴ እምቢ አለ። እንግዳውም ሰላም ሲጠፋ ሳሳ። ህሊና በስልኳ መንገዱን፣ ዝናቡን፣ ብርዱን ሁሉ ታያለች፤ በርጩማዋን ሰጠኋትና ወጣሁ።

የተሰናበትሁ ቀን እሁድ ነበር። ድስቴን ጥጄ በር ላይ ብቅ ብል ሰይድና ሞላ ዳገቱን ይመጣሉ፤ ፀጉራቸው ሸብቷል። መሀላቸው በግ አለች፤ የዚያች በግ የልጅ ልጅ፣ አያቷን ቁርጥ። "እታለም፣ ለስንብትሽ ነው" አሉኝ።

ከዚያ ሞላ ኮስተር አለና "ሰይድ፣ አንተ እረድ" አለ።

"ኧረ ምን በወጣኝ! አንተ እረድ።"

"በሞቴ!"

"እኔ ልሙት!"

"ኧረ ተዉ!" ብዬ ማማሰያዬን ይዤ ወጣሁ። "ኧረ በሚካኤል! ኧረ በነቢዩ! ያ ገደል አይበቃችሁም? አንዳችሁ ብትምሉ በዚህ ነው የምላችሁ!" ህሊና ስትሮጥ መጣች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩና መሬት እስኪመቱ ሳቁብኝ። ለካስ መንገዱን ሙሉ ሲለማመዱት ነው የመጡት።

"ላንቺ ናት እታለም፤ የሚያርዳት የለም" አለ ሰይድ፣ ዓይኑን እየጠረገ። ድንጋይ አንስቶ ከጓሮዬ ጥግ ችካል ተከለ። "ተከልሁ" አለ።

"አሰርሁ" አለ ሞላ።

እንግዲህ ጎመኔን እየጨረሰችው ነው። ያን ዕለት ሦስታችን ከአንድ ትሪ ሽሮ በላን፤ አንድ ጥርስ ሳያስቸግር። መጨረሻ ላይ ድስቱ ውስጥ የቀረችውን ጭልፋ አነሳሁና ለማን ልጨምር አልሁ።

"ለሞላ" አለ ሰይድ።

"ለሰይድ" አለ ሞላ።

"ያለ መሐላ!" አልሁና ራሴ በላኋት።

እፎይ።